ዓይንን ቀና፣ ድምፅን ጎላ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የአቀራረብና የሥርዓት መመሪያ

ለዓመታት በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ስሠራ ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጬ ብዙ አመልካች አይቻለሁ። ከሁሉም ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ለሒሳብ ሠራተኛነት የተወዳደረ አንድ ልጅ ነው። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣ ነበር። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ሊነሳ እንዳለ ሰው ቂጢጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የጠረጴዛውን እግር እያየ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ መለሰ። መልሶቹ ልክ ነበሩ፤ ግማሾቹን ግን አልሰማናቸውም። ሲወጣ የኮሚቴው ሰብሳቢ «ልጁ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል» አሉ፤ ነጥቡም እዚያው ወረደ።

የሚገርመው ነገር፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው አራታችንም ያደግነው «ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥ» እየተባልን ነው። ልጁ ያደረገው እናቱ ያስተማረችውን ነበር። እኛ ወንበር ስለቀየርን ብቻ ያንኑ ጨዋነት ፍርሃትና ውሸት አድርገን ቆጠርንበት። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ አክብሮታችሁን በሰላምታው፣ በአቀማመጡና በስንብቱ አሳዩ፤ መልስ ስትሰጡ ግን ቀና በሉ። ጨዋነት መልሱን ከዋጠው ማንም አይጠቀምም።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ አንድ ነገር ላጥራ። በየሥልጠናው «ከምንግባባው 93 በመቶው በቃል ሳይሆን በድምፅና በአካል ሁኔታ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜህራቢያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ነው። እሳቸው የለኩት ግን ሰው መውደዱን ወይም መጥላቱን ሲገልጽ ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ እርስ በርስ ቢጣረሱ ሰሚው የቱን እንደሚያምን ነው። ስለ ሥራ ቅጥር አልነበረም። ሒሳብ መዝጋት የማያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ስለተቀመጠ የሒሳብ ባለሙያ አይሆንም። የአካል ሁኔታ ጥቅሙ የምታውቁት ነገር እንዲሰማላችሁ መንገድ መልቀቁ ነው።

1. ሲደወልላችሁ ሰዓቱንና ቀኑን ደግማችሁ ጠይቁ

በስልክ የደወለው ሰው «ሐሙስ በሦስት ሰዓት» ካለ ጠዋት 3:00 ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ኢሜይል ላይ ያለው ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ 9:00 ኤኤም የኛ ጠዋት 3:00፣ 2:00 ፒኤም ደግሞ የኛ ከቀኑ 8:00 ነው። 8:00 ኤኤም ተብሎ የተጻፈላት አንዲት አመልካች ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተውባ መጣች። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጠብቀናት ሌላ ሰው መርጠን ነበር። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በጥቅምት 12 እና በኦክቶበር 12 መካከል አሥር ቀን ያህል አለ። የሳምንቱን ቀን ጭምር ጠይቁ።

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሐሙስ፣ ነው አይደል? ማን ልበል?» ማለት አያሳፍርም። የደዋዩን ስም ጻፉ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፍ ፈተና ይኑረው አይኑረው፣ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግም እዚያው ጠይቁ። አድራሻውን ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ እዩት። «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ሰማያዊ መስታወት ያለው ሕንፃ» የተባለው ቦሌ ላይ ሃያ ሕንፃ ሊሆን ይችላል።

2. ዋዜማውን በወረቀት፣ በልብስና በልምምድ አሳልፉት

ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ መታወቂያ፦ ኦሪጅናሉና ኮፒው በቅደም ተከተል አንድ ክላሰር ውስጥ ይግባ። ወረቀት ከአካል ሁኔታ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። «የልምድ ማስረጃህን እስቲ» ሲባል ፌስታል እያንኮሻኮሸ፣ ወረቀት መሬት እየጣለ የሚፈልግ ሰው ተረጋግቶ ሲመልስ የሰበሰበውን ነጥብ በአንድ ደቂቃ ይበትነዋል። ላቡ የሚመጣውም ያኔ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ባንክ፣ ኢንሹራንስና መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሱፍ ወይም ኮት ይጠበቃል፤ የሶፍትዌርና የማስታወቂያ ቤቶች ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ይበቃቸዋል። ከቦንዳ ይሁን ከቡቲክ ማንም አይጠይቃችሁም፣ መተኮሱ ግን ይታያል። የወንድማችሁን ኮት ከተዋሳችሁ ቤት ውስጥ ለብሳችሁ ተቀመጡበት፤ ትከሻው የሚይዛችሁ ከሆነ እጃችሁን እንደ ልብ አታንቀሳቅሱም፣ ያም ፍርሃት ይመስላል። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አታስመርቁ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ጫማ ጠርጎ መውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ ሕንፃው አጠገብ ካለ ሊስትሮ ዘንድ ቁጭ በሉ። ጫማው እስኪጠረግ ትንፋሻችሁም ይሰበሰባል። ሽቶ በጣም ቀንሱ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሒጃብና ማተብ ላይ ምክር አልሰጥም፣ የእናንተ ነው።

ጾምንም አስቡበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረመዳን አንድ ወር፤ ቀጠሮው እዚያ ላይ ሊውል ይችላል። በባዶ ሆድ አፍ ይደርቃል፣ ትንፋሽም ይለወጣል። ጥርስን ብቻ ሳይሆን ምላስንም በደንብ ቦርሹ፤ ሰዓት የመምረጥ ዕድል ከተሰጣችሁ የጠዋቱን ውሰዱ። ጾም የሌለባችሁ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነገር አትብሉ፣ ማስቲካም በር ላይ ይጣል።

አሁን ዋናው፣ ልምምዱ። ብዙ ሰው ከጓደኛው ጋር ይለማመድና ሸጋ ይሆናል፤ በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ግን አንገቱ ይሰበራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይን የሚሰብረን የዕድሜና የሥልጣን ልዩነት ነው፣ ከእኩያ ጋር ያ የለም። ስለዚህ የምታፍሯቸውን ሰው ፈልጉ፦ አክስት፣ የድሮ መምህር፣ የዕድር ሰብሳቢ፣ የጎረቤት ጡረተኛ። «እስቲ እንደ አለቃ ሆነው አምስት ጥያቄ ይጠይቁኝ» በሏቸው። መጀመሪያ ትስቃላችሁ። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳቁ ያልፍና እውነተኛው ነገር ይጀምራል።

ስልካችሁን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋችሁ ቅረጹት። አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ እግራችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ እጃችሁ አፍንጫ ላይ ሲመላለስ ያኔ ነው የምታዩት። ሌላ ጊዜ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ስሙት፤ «ያው»፣ «ምናምን»፣ «ማለት ነው» ስንት ጊዜ እንዳላችሁ ትቆጥራላችሁ። እኔ ራሴን በዚህ መንገድ ስሰማ በአንድ መልስ ውስጥ ዘጠኝ «ማለት ነው» አግኝቻለሁ።

3. ፈተናው የሚጀምረው ከግቢው በር ነው

ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሰፈሩ ላይ ተገኙ፤ እንግዳ መቀበያው ጋ ግን ከአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ብቻ ቅረቡ። በጣም ቀድሞ መጥቶ ኮሪደር ላይ መገተር አስተናጋጁንም ያስጨንቃል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ታች ካለው ካፌ አሳልፉት። ታክሲ ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ መታወቂያ ማስመዝገብ፣ የቆመ ሊፍት፣ ሰባት ፎቅ ደረጃ፤ እነዚህን ሁሉ አስባችሁ ነው ከቤት መውጣት።

ጥበቃውን ሰላም በሉ። ቦርሳ ክፈቱ ሲሏችሁ ፊት አትለውጡ። እንግዳ ተቀባይዋን «እንደምን አደርሽ» ብላችሁ ስማችሁን ከነአባት ስማችሁ፣ ከማን ጋር ቀጠሮ እንዳላችሁ ንገሯት። ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። የኛ ሰብሳቢ ሁሉም ተፈታኝ ከሄደ በኋላ ወጥተው «እዚህ ተቀምጠው ሳለ እንዴት ነበሩ?» ብለው እንግዳ ተቀባይዋን ይጠይቁ ነበር። በስልክ ጮኾ ሲያወራ የቆየ አንድ ልጅ በዚች ጥያቄ ወድቋል።

ስልክ ጸጥታ ላይ ሳይሆን ይጥፋ። ቦርሳ ውስጥ የሚንዘረዘር ስልክም ይሰማል። መዳፋችሁ የሚያልበው ከሆነ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁና አንድ ሶፍት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ጃንጥላ እንግዳ መቀበያው ጋ ይቀመጥ፣ ውሃ እያንጠባጠበ አይግባ።

4. ከበሩ እስከ ወንበሩ

አንኳኩ፣ «ይግቡ» እስኪባል ጠብቁ፣ ግቡ፣ በሩን በቀስታ ዝጉ። ሁለት እርምጃ ገብታችሁ ቁሙና ለሁሉም አንድ ሰላምታ ስጡ፦ «ጤና ይስጥልኝ» ወይም «እንደምን አደራችሁ»። ራስን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው፤ ወገብ ማጠፍ ለቤተ ዘመድ ይቆይ። ይህን ስትሉ ፊታቸውን እያያችሁ ይሁን። የመጀመሪያዋ ቀና ማለት እዚህ ካለፈች ሌላው ይቀላል።

መጨባበጥን በተመለከተ ጠረጴዛ ዞራችሁ እያንዳንዱን ለመጨበጥ አትሂዱ። ታላቅ እጁን ሲዘረጋ ነው ታናሽ የሚጨብጠው፤ እነሱ ከዘረጉ ጨብጡ፣ ካልዘረጉ ተውት። ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ መጨበጥ የአገራችን ወግ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት ግን የሰፈር ነው፣ ጠያቂው የክፍል ጓደኛችሁ ቢሆን እንኳ። እጅ እርጥብ ሲሆን አንጓን መዘርጋትም ቤት ውስጥ ያምራል፣ እዚህ ግን ሶፍቱን ተጠቀሙ። በሃይማኖታችሁ ምክንያት ተቃራኒ ጾታን የማትጨብጡ ከሆነ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ፈገግ በሉ፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ተቀመጥ» ወይም «ተቀመጪ» ሳይባል አትቀመጡ። ከተረሳ «መቀመጥ እችላለሁ?» በሉ። በመካከል አንድ የኮሚቴ አባል ዘግይቶ ቢገባ ከወንበራችሁ ትንሽ ነሳ በሉ። የድሮው «ኖር» «በእግዜር» ቃሉ ቢቀርም እንቅስቃሴው ቀርቷል አልልም፤ ትልልቆቹ ያስተውሉታል።

5. ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ያዙት

ጀርባችሁ የወንበሩን መደገፊያ ይንካ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ቦርሳ ከእግር አጠገብ መሬት ላይ፣ ክላሰር ጭን ወይም ጠረጴዛ ላይ። ቦርሳን አቅፎ መቀመጥ ታክሲ ውስጥ እንጂ እዚህ አይሆንም። እግር አነባብሮ መቀመጥ ለወጣት ጠያቂ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ በዕድሜ ለገፉት ግን ዛሬም ንቀት ነው፣ በተለይ የጫማው ሶል ወደ እነሱ ከዞረ። ስለማታውቋቸው አታነባብሩ። ወንበሩ የሚሽከረከር ከሆነ እግራችሁ መሬት ላይ መርጋቱን ደግማችሁ እዩ፤ ሳታውቁት ትወዛወዙበታላችሁ። ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ «ወንበሩን ትንሽ ላንቀሳቅሰው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሃያ ደቂቃ ግንባር ቋጥሮ መቀመጥ ቁጣ ይመስላል።

ቡና ወይም ውሃ ሲቀርብላችሁ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው መቀበል የግብዣ ወግ ነው። እዚህ በመጀመሪያው «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ተቀበሉ ወይም አንዴ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» በሉና ጨርሱ። ውሃ መቀበልን እመክራለሁ፤ ጥያቄ ሲከብድ አንድ ጉንጭ መጠጣት ሰበብ የማይጠየቅበት ዕረፍት ነው።

6. ዓይን

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ስለሆነ ቆየት ልበልበት።

ዓይን ለዓይን መተያየት ማለት ማፍጠጥ አይደለም። ጥያቄው ሲቀርብ የጠያቂውን ፊት እያያችሁ አድምጡ፤ እየሰሙ ቀና ማለት እየተናገሩ ቀና ከማለት ይቀላል። ልታስቡ ስትሉ ዓይናችሁ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ቢሄድ ችግር የለም፣ ሰው ሲያስብ ዓይኑ ይሄዳል። መልሱ ሲጀምር ግን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለጠየቃችሁ ሰው፣ እሱን እያያችሁ ተናገሩ። መልሱ ከረዘመ ዓይናችሁን ለሌሎቹ አካፍሉ፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ሐሳብ ያህል። ስትዘጉ ወደ ጠያቂው ተመለሱ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትልቀቁ።

ሰብሳቢው አባታችሁን የሚመስሉ ሽበታም ሆነው ዓይናቸው ውስጥ ስትገቡ ምላሳችሁ የሚተሳሰር ከሆነ፣ በሁለቱ ቅንድቦቻቸው መካከል እዩ። ከጠረጴዛ ማዶ ያለ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ይህን ለአንድ የእህቴ ልጅ ነግሬያት «እስከ መጨረሻው የሰውዬውን ግንባር ሽብሽብ ስቆጥር ነበር» አለችኝ፤ ተቀጥራለች።

ሁለት ነገሮች ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው፣ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚጽፈውን ሰው ተፈታኞች ይረሱታል። ያ ዝምተኛ ብዙ ጊዜ የወደፊት የቅርብ አለቃችሁ ነው፤ ዓይናችሁን ስታካፍሉ አትዝለሉት። ሁለተኛው ይብሳል። ሴት የኮሚቴ አባል ስትጠይቅ ወንድ ተፈታኝ መልሱን አጠገቧ ላለው ወንድ ይሰጣል፣ ሴቶችም አንዳንዴ ያደርጉታል። ጠያቂዋ ታየዋለች፣ ሌሎቹም ያዩታል። የጠየቀችው እሷ ናት፣ መልሱም የእሷ ነው።

አንዱ ጠያቂ ስልኩን ቢነካካ ወይም ቢያዛጋ በእናንተ ምክንያት ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። ከጠዋት ጀምሮ አሥረኛ ሰው እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። የሚያደምጣችሁን ፈልጋችሁ ቀጥሉ። ጠያቂ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ዓይኑን ያቀረቀረ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ልጁን «ጎላ አድርገህ ንገረን፣ አይዞህ» ብትሉት ምን አለ? እኔ ያን ቀን አላልኩም።

7. እጅ፣ አፍና ድምፅ

እጃችሁ የሚታይ ቦታ ይሁን፦ ጭን ላይ ተደራርቦ ወይም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ። ስትናገሩ ቢንቀሳቀስ ደስ ይላል፤ ሦስት ነጥብ አለኝ ብሎ በጣት መቁጠርም መልሱን ይሰበስበዋል። የማይሆነው ጣት ማንጫጫት፣ እስኪርቢቶ ማንቋቋት፣ ቀለበት ማዞርና በአመልካች ጣት ወደ ሰው መጠቆም ነው። እስኪርቢቶው እጃችሁን ካስቸገረው፣ ማስታወሻ ካልያዛችሁ በቀር ክላሰሩ ውስጥ ይግባ።

አፍን በእጅ መሸፈን በተለይ ስንስቅ ከልጅነት የለመድነው ነው። ስትስቁ ይሁን፣ ግን ስትናገሩ እጃችሁ ከአገጫችሁ በታች ይቆይ። ድምፅ ደግሞ በግብዣ ላይ ከምትናገሩት ትንሽ ጎላ ያለ፣ በዝግታ። ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርሱ ድምፅን መዋጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ በአማርኛ ግሡ ያለው መጨረሻ ላይ ስለሆነ «ሠርቻለሁ» ይሁን «አልሠራሁም» ጠያቂው ሳይሰማው ይቀራል።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ!» እያልን አዎንታ የምንሰጥበት ልማድም አለን፤ ቅንድብ ብቻ አንስተን «አዎ» የምንልበትም እንዲሁ። ለአገሩ ልጅ ግልጽ ነው። የውጭ ዜጋ ጠያቂ ፊት ግን የደነገጣችሁ ይመስላል፤ «አዎ» ወይም «የስ» በሉ።

8. አጠራርና አነጋገር

ጠያቂው በዕድሜ ከእናንተ ቢያንስ እንኳ «እርስዎ» ይሁን፤ «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እናቴ» ፍቅር ቢኖራቸውም ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ልመና ያስመስላሉ። «አቶ» እና «ዶክተር» ከራሳቸው ስም ጋር፤ ሴትን ወይዘሮ ይሁኑ ወይዘሪት ካላወቃችሁ ዝም ብላችሁ «እርስዎ»።

«እኛ» የምትለው ቃል ትሕትና ናት፣ ነጥብ ግን ታስጥላለች። «ሲስተሙን ቀየርነው» ስትሉ ጠያቂው የእናንተን ድርሻ ሊያውቅ አይችልም። «ቡድናችን አራት ሰው ነበር፤ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ ነበር የያዝኩት» ማለት ጉራ አይደለም። ይህን ስትናገሩ ትከሻ ከፍ ዝቅ ማድረግና «ብዙም አይደለም» የሚል ፈገግታ መጨመር የተናገራችሁትን መልሶ ይሰርዘዋል። ተናግራችሁ ዝም በሉ።

ቃለ መጠይቁ በአማርኛ እየሄደ በድንገት «ስለ ራስህ በእንግሊዝኛ ንገረን» ማለት የተለመደ ነው። ያቺን አንድ ደቂቃ ተዘጋጁባት። ቃል ሲጠፋባችሁ ጣራ አትዩ፤ ጠያቂውን እያያችሁ «በአማርኛ ልጨርሰው?» በሉ። ያልገባችሁን ጥያቄም «ይቅርታ፣ ቢደግሙልኝ» ማለት ያልተጠየቃችሁትን ከመመለስ ይሻላል። ጠያቂውን ግን አታቋርጡ፣ መልሱን ቀድማችሁ ብታውቁትም።

9. ፊትን የሚፈትኑ ጥያቄዎች

«ስንት ደመወዝ ትጠብቃለህ?» ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል፣ ያቀረቅራል፣ «እናንተ ባላችሁት» ይላል። ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ከደመወዝ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። ቁጥሩን ጠያቂውን እያያችሁ ተናገሩና አፋችሁን ዝጉ። ዝምታው ሲያስጨንቃችሁ «ግን መቀነስም ይቻላል» ካላችሁ ራሳችሁን በራሳችሁ ቀነሳችሁ።

«አግብተሻል? ልጅ ልትወልጂ ነው?» ዛሬም ይጠየቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰለው ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕጉን እዚያው መጥቀስ ግን ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። የምመክረው ፊትን ሳይቋጥሩ ወደ ሥራው መመለስ ነው፦ «የቤተሰብ ሁኔታዬ የሥራ ሰዓቴን አይነካም፤ ባለፈው ሥራዬም ቅዳሜ ግማሽ ቀን እገባ ነበር።» «የየት አገር ልጅ ነህ?» ሲባልም ያደጋችሁበትን ከተማ በአጭሩ ተናግራችሁ እለፉ። ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ለመሆን ካመለከታችሁ «ዋስ አለህ?» መምጣቱ አይቀርም፤ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ቀድማችሁ አነጋግራችሁ ግቡ፣ አለበለዚያ መንተባተቡ ሌላውን መልስ ሁሉ ያጠለሸዋል።

10. በስክሪን ሲሆን

መስኮት ከፊታችሁ እንጂ ከኋላችሁ አይሁን፣ አለዚያ ጥላ ብቻ ትሆናላችሁ። ካሜራው ከዓይናችሁ እኩል እንዲሆን ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ አስቀምጡት። ስትናገሩ ሌንሱን፣ ስትሰሙ ስክሪኑን እዩ። መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ስለማይነግር ስልካችሁን በዳታ ካርድ ሞልታችሁ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ከተቋረጠ ወዲያው በአጭር መልእክት «መብራት ጠፍቶ ነው፣ በሁለት ደቂቃ እመለሳለሁ» በሉ። አሜሪካና አውሮፓ ካለ ቀጣሪ ጋር ከሆነ ሁለት ነገር ልመዱ፦ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ስማቸው መጠራት ይመርጣሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ስለ አየሩ ማውራታቸውም ጊዜ ማባከን ሳይሆን የእነሱ «እንዴት አደራችሁ» ነው። እናንተንም በአባታችሁ ስም ሊጠሯችሁ ይችላሉ፤ በፈገግታ «የእኔ ስም የመጀመሪያው ነው» በሉ።

11. አወጣጥ

«ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» አትበሉ። ስለ ሙከራ ጊዜው ጠይቁ፤ በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የቅርብ ኃላፊያችሁ ማን እንደሚሆንና ውጤቱ መቼ እንደሚነገርም መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ሁለት ይበቃል።

ተነሱ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሱ፣ «ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» በሉ፤ አሁን ራስን ዝቅ ማድረጉ ያምርባችኋል። መልስ ተበላሽቶብኛል ብላችሁ ፊታችሁን አትጣሉ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እየታያችሁ ነው። ኮሪደር ላይ ለሚጠብቁት ጥያቄዎቹን ጮክ ብላችሁ አትዘርዝሩ። እንግዳ ተቀባይዋንና ጥበቃውን ተሰናበቱ፣ መታወቂያችሁን በር ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ኢሜይል ያላቸው ከሆነ በማግስቱ ሦስት መስመር ምስጋና ጻፉ። «እንደውላለን» ካሉ የተናገሩት ቀን እስኪያልፍ፣ ቀን ካልተናገሩ አንድ ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ ደውላችሁ ጠይቁ። እስከዚያ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ፤ አዲስ አበባ ካለ መሥሪያ ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ በ011 የሚጀምር የመስመር ስልክ ነው፣ መልሳችሁ ብትደውሉም ማን እንደደወለላችሁ የሚያውቅ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ።